ያልተለጠፈችው

ሴፕቴምበር 9፣ ሰኞ

ክሩም ደወለ። አዲሱን ፊልሙን ቀርጾ ጨርሷል፤ ፖስተሩን እንድሠራለት ይፈልጋል። ከዚህ በፊት የሁለት አስቂኝ ፊልሞቹን ሠርቼለታለሁ። ይሄኛው ግን አስፈሪ ነው አለኝ፣ ደስ እያለው። አንዲት አሮጊት እንደኛ ባለ የድሮ ሕንፃ ውስጥ ትሞታለች። ልጆቿ በቤቱ ውርስ ሲባሉ፣ ፎቶዋና ስሟ ያለበትን የሐዘን ወረቀት እንደ ልማዳችን በሕንፃው በር ላይ ሳይለጥፉ ይቀራሉ። ስላልተለጠፈች መሞቷን የነገራት የለም፤ ስለዚህ በየምሽቱ እየመጣች የጎረቤቶቿን በር ታንኳኳለች። ርዕሱ «ያልተለጠፈችው» ነው።

ጥሩ ነው አልኩት። የሚታየው ከኖቬምበር መጀመሪያ፣ ሙታን ከሚታሰቡበት ከሙታን ቅዳሜ ሰሞን ጀምሮ ነው።

ከተማችን ሩሴ በሙሉ ለብርድ ወራት የሚያስቀምጠውን ቃሪያ እየጠበሰ ነው። በየበረንዳው ጭስ። መስኮቱን ዘጋሁት።

ሴፕቴምበር 11

አክስቴ ፓቭሊና ከታች ፎቅ የባቄላ ሾርባ ይዛ መጣች። አንድ ማንኪያ ቀመስኩ፤ ምንም ምንም አይልም። ጨው ረስተሻል ብላት ገላመጠችኝና ራሷ ቀመሰችው። የጠፋው ምላስሽ ነው እንጂ ጨውስ አለው አለችኝ።

ከዚያ ወደ መጣችበት ጉዳይ ገባች። እማ ከሞተች ስድስት ወር የሚሞላት ኖቬምበር 2 ነው፤ እንደ አርባዋ ሁሉ ፎቶዋ ያለበት አዲስ የሐዘን ወረቀት በር ላይ መለጠፍ አለበት፤ ዘንድሮ ከሙታን ቅዳሜ ጋር ገጥሟል። ለአርባዋ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ከመታወቂያዋ ላይ አንስቶ ያወጣው ፎቶ ፖሊስ የሚፈልጋት አስመስሏት ነበር አለች። እውነቷን ነው። ያኔ እኔ እጄን አጣጥፌ ነው የተቀመጥኩት።

«ለዓለሙ ሁሉ ፖስተር ትሠሪያለሽ» አለች። «ለእናትሽ አንድ ወረቀት ምን አለበት?»

የቱ ፎቶ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። እማ ፎቶ ትጠላለች። ትጠላ ነበር። ካሜራ ካየች በትሪም በፎጣም፣ ባገኘችው ነገር ፊቷን ትሸፍናለች። ባለፈው ዓመት በዚህ ወቅት በረንዳው ላይ ቃሪያ ስትጠብስ ከኋላዋ ጠራኋትና ዞር ስትል አነሳኋት። ጉንጮቿ ከእሳቱ ቀልተው፣ ልትሰድበኝ አፏን ከፍታ፣ ሳቅ ቀድሟት። ካረጀች ወዲህ ሰው የመሰለችበት ፎቶ ያ አንዱ ብቻ ነው።

እሠራዋለሁ አልኳት። ገና ብዙ ጊዜ አለ።

ሴፕቴምበር 16

ከክሩም የተዋናይዋ ፎቶዎች መጡ። ቢስትራ ትባላለች፤ ሥራዋን የምታውቅ፣ ልከኛ ሴት ናት። ችግሩ ጤነኛ መሆኗ ነው። ፊቷን አመድ ቀብተው፣ ከዓይኗ ሥር አጥቁረው፣ ጸጉሯን በትነው ያላደረጓት ነገር የለም፤ ግን ዱቄት ወፍጮ ቤት ገብታ የወጣች ደህና ሴትዮ ነው የምትመስለው።

ሐሳቤ ቀላል ነው። የበር ቀዳዳ። ሰው ማነው ብሎ አጎንብሶ የሚያይባት ያቺ ክብ መስታወት። ከበስተጀርባዋ የደረጃው አምፖል፣ መሐል ላይ ፊቷ። ሌላ ምንም የለም።

ክቡን ሠራሁ። ደረጃውን ሠራሁ፤ የራሳችንን ደረጃ ነው ያነሳሁት፣ ቀለሙ የተላጠውን። ፊቱ ቀረ።

ሴፕቴምበር 19

ክሩም የመጀመሪያውን ንድፍ አይቶ ሳቀ። ይቺ የመጣችው ስኳር ልትበደር ነው አለ። የሚፈልገው ሌላ ነው፤ ያየ ሰው መጀመሪያ ሊያዝንላት፣ ወዲያው ደግሞ በሩን ሊዘጋባት ይገባል አለኝ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ።

ልክ ነው። ምን እንደሚል ገብቶኛል።

ሴፕቴምበር 22፣ እሑድ

ሥራ። ሥራ። ዳቦ ገዛሁ።

ሴፕቴምበር 24

ቆሻሻ ልጥል ስወርድ አክስቴ ከሦስተኛ ፎቋ ራድካ ጋር ደረጃው ላይ ቆማ ስታወራ ሰማኋት። እኔ ከላይ ነኝ፣ አላዩኝም። «ድንጋይ ናት» አለች አክስቴ። «እህቴ እየሞተች እሷ ከግርጌዋ ቁጭ ብላ ኮምፒውተሯን ትነካካ ነበር። ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም።»

ራድካ የዛሬ ልጆች እንዲህ ናቸው አለች። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው።

ቆሻሻውን ይዤ ተመለስኩ። ሥራ ነበረኝ ያኔ። የዩጎርት ማስታወቂያ ነበር፣ ቀኑ የደረሰ። ማን ይሥራልኝ? ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ እኮ። ሌላ ክፍል አልሄድኩም።

ሴፕቴምበር 25

ዛሬ የእማን ፎቶ ከፈትኩት። ለብርሃኑ ብቻ ነው። እሳቱ ከታች ወደ ላይ ስላበራባት ዓይኗ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ነጥቦች አሉ፤ የደረጃ አምፖልም እንዲያ ነው የሚያደርገው። የቢስትራ ዓይን ውስጥ እንደዚያ ያለ ነገር የለም፤ የስቱዲዮ መብራት ነው። ነጥቦቹን ወሰድኩ። ሥራው ወዲያው ነፍስ ዘራ።

እግረ መንገዴን የሐዘን ወረቀቱንም ጀመርኩ ማለት ይቻላል። ፎቶው ተከፍቷል።

ሴፕቴምበር 28

ነጥቦቹ ከቢስትራ ዓይን ጋር አልሄድ አሉ። ዓይኑን እንዳለ ወሰድኩት።

ሴፕቴምበር 30

ዓይኑ ከቅንድቡ ጋር ነው የሚሄደው። ቅንድቡም ከግንባሩ ጋር። ይሄ የማንም ባለሙያ ችግር ነው፤ ከሁለት ሰው አንድ ሰው መሥራት አይቻልም፣ መገጣጠሚያው ይታያል። ስለዚህ ገለበጥኩት። ከታች የእማን ፎቶ አደረግሁ፣ ከላይ የቢስትራን ጸጉርና ነጠላ የመሰለውን ሻርፕ ጣል አደረግሁበት።

ወረቀት በወረቀት ላይ እንደማንጠፍ ነው፤ ሌየር እንላቸዋለን። አንዱን ብታበላሽ የታችኛው አይነካም። በማታው ኮርስ ሳስተምር በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳ ላይ የምጽፈው አንድ ነገር ነው፤ ኦሪጅናል ላይ አይሠራም። ኮፒ አድርጉ፣ ከዚያ እንደፈለጋችሁ ሁኑ።

አክስቴ ደወለች። ወረቀቱስ? ጀምሬዋለሁ አልኳት። አልዋሸሁም።

ኦክቶበር 3

ቀኑን ሙሉ ፊት። ጉንጩን ወደ ውስጥ ሳብኩት። መጀመሪያ ሁለቱንም እኩል ሳብኩና ውሸት ሆነ፤ ግራው የበለጠ መግባት አለበት፣ በዚያ ጎን ስለምትተኛ። ዓይኑን ወደ ጉድጓዱ መለስኩት። አፍንጫው ቀጠን ብሎ ጫፉ ሊነጣ ይገባል። አፏ በቀኝ በኩል ትንሽ ክፍት ይሁን፣ መተንፈሻ ያህል። ከንፈሩ መድረቅ ብቻ አይበቃውም፤ በእርጥብ ጥጥ ሲነካካ የዋለ፣ መሐሉ ላይ ተሰንጥቆ ጫፍ ጫፉ ላይ የነጣ ከንፈር ነው።

ቆዳው ግራጫ አይደለም። የፊልም ሰዎች ሁሉ ግራጫ ያደርጉታል። ቢጫ ነው፤ ከጆሮ ሥር ደግሞ ሰም ይመስላል።

ይሄን ሁሉ የት እንዳጠናሁት እንጃ። እጄ ዝም ብሎ ይሄዳል። ምንም አልተሰማኝም፤ እንዲያውም በአምስት ወር ውስጥ እንደዚህ ተመችቶኝ ሠርቼ አላውቅም። ኮምፒውተሩ መንፏቀቅ ስለጀመረ ሌየሮቹን አንድ ላይ አዋሃድኳቸው፣ ሴቭ አድርጌ ተኛሁ።

ኦክቶበር 4

ላክሁለት። ማታ ክሩም ደወለ፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«ስኔዢና፣ ሴትዮዋን ከየት አመጣሻት?»

«ከዚህም ከዚያም ነው።»

ሚስቱ አይታ ኮምፒውተሩን ዝጋው እንዳለችው ነገረኝ። ቢስትራም አይታዋለች፤ እኔ አይደለሁም፣ እግዚአብሔር ይመስገን ብላ አማተበች አሉ። ፖስተሩ ጸደቀ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ድንች ቀቀልኩ። ጨው ሁለቴ ነሰነስኩበት፤ ያው ነው።

ኦክቶበር 14

ክሩም ሌላ ሐሳብ መጥቶለታል፤ ሌሊት እንቅልፍ ነስቶታል። ከትልቁ ፖስተር ሌላ ትንሽ ወረቀት እናውጣ፣ ልክ እንደ ሐዘን ወረቀት። ጥቁር ክፈፍ፣ ከላይ መስቀል፣ መሐል ላይ ፊቷ። ስም የለም። ከሥሩ «ማንም አልነገራትም። ብታንኳኳ አትክፈቱ» የሚል፣ ከዚያ በደቃቁ የፊልሙ ርዕስና ቀኑ። ከሙታን ቅዳሜ በፊት በከተማው ሕንፃዎች በሮች ሁሉ ላይ ይለጠፋል።

ሰው ይቆጣል አልኩት። ይቆጣ እንጂ፣ የተቆጣ ሰው ለጎረቤቱ ሳያወራ አያድርም አለኝ። ግማሽ ቀን አልፈጀብኝም። ክፈፉ ያው ነው፣ ፊደሉ ያው ነው።

ኦክቶበር 16

ማተሚያ ቤት ሄድኩ። አታሚው ባይ ሜቶዲ፣ በአክብሮት ባይ የምንላቸው፣ የዚህን ከተማ ሙታን ሁሉ ያተሙ ሰው ናቸው፤ የሠርግ ጥሪም ያትማሉ፣ የሚታወቁት ግን በሙታኑ ነው። ፋይሉን ከፍተው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ፣ መልሰው አወረዱ። በዚህ ክፈፍ አይቀለድም ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ አላሉም።

«አክስትሽ ፓቭሊና ደህና ናት?» አሉኝ።

ደህና ናት አልኳቸው።

«አይታዋለች ይሄን?»

የፊልም ነው ባይ ሜቶዲ፣ አልኩ። እሺ አሉ። ማሽኑ ሲነሳ ወጣሁ።

ኦክቶበር 20፣ እሑድ

ዛሬ የእማን ወረቀት ልሠራ ቁጭ አልኩ። ክፈፉን አወጣሁ። ስሟን ጻፍኩ፤ ጽቬታና። ፎቶዋን ከፈትኩ።

እሷ ናት የወጣችው። ያቺኛዋ፣ የፖስተሯ።

የፋይሉን ስም አየሁ። ያው የፎቶው ስም ነው። የተነሳበት ቀን ያው ነው። ዘግቼ ከፈትኩ። በረንዳው የለም። ቃሪያው የለም።

ኦሪጅናሉ ላይ ነው የሠራሁት።

ከዚያ በኋላ

ፎቶውን ያነሳሁበት ስልክ በበጋ ሞቷል፤ ፎቶዎቹን ወደ ኮምፒውተሩ ካዛወርኩ በኋላ ለመለዋወጫ ለስልክ ጠጋኝ ሰጥቼዋለሁ። ለማንም አልላክሁትም። አክስቴ ስልኳ ባለቁልፉ ነው፣ ፎቶ አይቀበልም። እንዲታተም ስትለምነኝ ነው የከረመችው፤ ቆይ አሳጥቤ በክፈፍ አደርግልሻለሁ እያልኩ አዘገየሁት። ቆሻሻ መጣያውን፣ የድሮ ዲስኮችን፣ ሁሉንም አየሁ። የለም።

ለተማሪ ሰሌዳ ላይ የምጽፍ ሰው። ምን ዓይነት ጅል ነኝ? ማን ነክቶብኝ ነው? እኔው ከፈትኩ፣ እኔው አዋሃድኩ፣ እኔው ሴቭ አልኩ። ከዚያ ተኛሁ። እንቅልፍ ወሰደኝ እኮ።

ኦክቶበር 21

አክስቴ ስለ ወረቀቱ ጠየቀች። እየሠራሁት ነው አልኩ።

ኦክቶበር 22

እየሠራሁት ነው አልኩ።

ኦክቶበር 24

ክሩም ቢሮ ሄድኩ። ትንሿን ወረቀት አታስለጥፋት፣ ፊቱ ልክ አልመጣልኝም፣ ቀይሬ ልስጥህ አልኩት። ታትሞ በካርቶን ተደርድሯል፤ አንዱን ካርቶን እግሩን ጭኖበታል።

«አንድ ወር ስንፈልጋት ነበር» አለ። «አሁን ስናገኛት ምን ሆንሽ?»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። እናቴ ናት ማለት ሁለት ቃል ነው። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር፤ ልክ እንደዚያ ሾርባ። ዋጥኩት። ምንም አልሆንኩም ብዬ የትሮሊ አውቶቡሱን ይዤ ተመለስኩ።

ኦክቶበር 28፣ ሰኞ

ለጣፊዎቹ በከተማው ወጥተዋል። ከመስኮት አየኋቸው፤ እያፏጩ፣ በአንድ እጅ ወረቀት በአንድ እጅ ማጣበቂያ። የኛንም በር አላለፉትም።

አልወረድኩም።

ኦክቶበር 29

ለዳቦ ወረድኩ። በሩ ላይ፣ ከወረቀቱ ሥር፣ አንድ የክሪሳንተም አበባ በፕላስተር ተለጥፏል። ትንሽ ቆሜ አየሁት። ራድካ ከውጭ መጣች፣ እጇ ላይ ሌላ አበባ ይዛለች። ሦስት ጊዜ አማተበች።

«ነፍሷን ይማር፣ ስኔዢና። ስድስት ወር ሞላት? ቀኑ እንዴት ይነጉዳል!» አለች። ከዚያ ወደ ወረቀቱ ጠጋ ብላ ሹክ አለች። «ያለ ስም ያወጣሽው ግን ለምንድን ነው? እኛስ እናውቃታለን፤ ለማያውቃት ሰው?»

ከሥሩ የተጻፈውን አላነበበችውም። ማን ያነባል? የሐዘን ወረቀት ሁሉ ከሥሩ ያው ነው፤ ሰው ፊቱን አይቶ ነው የሚያልፈው። እማን በመጨረሻው ሳምንት መጥታ ያየቻት ራድካ ፊቷን አይታ አወቀቻት። የታመመች ሴት ፎቶ ነው ያወጣሁት መሰላት። ደግሞ አልተሳሳተችም።

አመሰግናለሁ አልኳት።

አራተኛ ፎቅ ያለው ዲሞ ከጎኑ ሻማ አብርቷል። የሕንፃው ሰው በሙሉ ለእማ ሐዘን ላይ ነው፤ እኔ ዳቦዬን አቅፌ ደረጃ ለደረጃ ማምለጥ ሆነ ሥራዬ።

ማታ

አክስቴ ልትመጣ እንደምትችል አውቅ ነበር። የቁልፏን ድምፅ ስሰማ ተነስቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ወረቀቱን አልያዘችም። መነጽሯን በእጇ ይዛለች፣ ካፖርቷን አላወለቀችም። ወጥ ቤት ገብታ ተቀመጠች። ከሥሩ የተጻፈውን አንብባዋለች፤ እሷ የማታነበው ነገር የለም።

ሁሉንም ነገርኳት። ክሩምን፣ ፊልሙን፣ ዓይኑን ብቻ ልወስድ እንደነበር፣ ከዚያ ቅንድቡን። ፎቶው እንደጠፋ። በረንዳው እንደሌለ። ስናገር ድምፄ የዜና አንባቢ ድምፅ ነው፤ ራሴን ልመታው ደርሼ ነበር።

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ግራ ጉንጯ» አለች አክስቴ። «ግራው ጠልቆ እንደነበር ማን ነገረሽ?»

ማንም።

«ከንፈሯስ? ጥጡን የማስነካት እኔ ነበርኩ። አንቺ ከግርጌ ነበርሽ።» መነጽሯን ጠረጴዛው ላይ አደረገች። «ከጆሮዋ ሥር ያለውን እኔ ራሴ የረሳሁት ነው። ዛሬ በሩ ላይ ሳየው ነው ያስታወስኩት። እኔ ስድስት ወር ሙሉ አላየቻትም እያልኩ ለሰው ሳወራ ነበር።»

ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል።

«አይተሻታል» አለች። «ከኔ በላይ አይተሻታል፣ አንቺ ልጅ።»

ከዚያ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ ቆሜ የካፖርቷን ትከሻ ይዤ ነበር። ትንሽ ቆይታ አፍንጫዋን ጠርጋ ሳቅ አለች። ስልሳ ዓመት ፎቶ አታንሱኝ ስትል ኖራ አሁን በሩሴ በር ሁሉ ላይ! ብትሰማ ሁለታችንንም ትደበድበን ነበር አለች።

አሁኑኑ ወርጄ ከሁሉም በር እልጣታለሁ አልኳት። መፋቂያውን እያነሳሁ ነበር። እጄን ያዘችኝ። የሞተ ሰው ወረቀት በሰው እጅ አይነሳም፣ ዝናብ ነው የሚያነሳው። ይሄን ሕፃንም ያውቃል፤ እኔም አውቀዋለሁ። የፊልም ወረቀት ነው እኮ ብላት ራሷን ነቀነቀች።

«ፊቷ አለበት። ሻማ በርቶለታል። አሁን የሷ ሆኗል።»

ኦክቶበር 30

አክስቴ ጠዋት መጣች፤ ወንበር ስባ ከጎኔ ተቀመጠች። በሩ ላይ ያለችው እንዲያ ብቻዋን አትቀርም፣ የፊተኛዋንም አጠገቧ እናደርጋታለን አለች። ፎቶው የለም አልኳት። ያጠፋሽው አንቺ አይደለሽ፣ እንግዲያው መንገዱን ታውቂዋለሽ፣ በመጣሽበት ተመለሽ አለችኝ። ስለ ኮምፒውተር ምንም አታውቅም። ግን ሌላ መንገድ አልነበረኝም።

ኮፒ አደረግሁ። መጀመሪያ ኮፒ።

ዓይኑን ከጉድጓዱ አወጣሁት። ይሄ ቀላል ነበር። ቢጫውን አነሳሁ፤ በምትኩ ከእሳቱ የመጣውን ቅላት መለስኩ። ጉንጩ ላይ ደረስኩና እጄ ቆመ። ያቺን ፊት በደንብ አውቃታለሁ፣ ይቺን ግን አላስታውሳትም። ጤነኛዋን እናቴን አላስታውሳትም። ጉንጯ እስከ የት ነበር? ስትስቅ የሚነሳው የቱ ነው? ሞላሁት፣ የሌላ ሴት ጉንጭ ሆነ። ቀነስኩት፣ ሌላ ሌላ ሴት ሆነች።

አክስቴ ስክሪኑን ሳይሆን እኔን ስታይ ቆየች። ከዚያ እጄን ከማውሱ ላይ አንስታ በራሷ ጉንጭ ላይ አደረገችው።

«እዚህ ጋ ነው» አለች። «አባታችን ነው ያወረሰን። ስስቅ ይነሳል፣ ጠብቂ።» ሳቀች። እውነተኛ ሳቅ አልነበረም፣ ግን ጉንጩ ተነሳ፤ ከጣቶቼ ሥር ተነሳ። ሞቃት ነበር።

እንዲያ ነው የሠራነው። ጉንጭ ከሷ፣ የአፍ ጥግ ከሷ። የእማ አገጭ ላይ ያለችውን ትንሽ ጠባሳ ግን እኔ አስታወስኩ፤ በቆርቆሮ ክዳን የተቆረጠችበትን። አክስቴ ረስታው ነበር። ስንጨርስ ጨልሟል።

በረንዳው አልተመለሰም። ከበስተጀርባዋ ነጭ ነው። ያቺው ፎቶም አይደለችም፣ አውቃለሁ። ግን ልትሰድበኝ አፏን ከፍታለች።

ኖቬምበር 1

ባይ ሜቶዲ ወረቀቱን አይተው መነጽራቸውን አላወለቁም። «እሺ» አሉ፤ «እንደሱ ነው እንጂ።» ያንኑ ወፍራም ወረቀት አወጡ።

ለክሩም ደወልኩ። ሁለቱን ቃላት ነገርኩት። ምነው በነገርሽኝ አለ። የለጠፍነውን ላስነሳ ወይ አለኝ። አይነሳም አልኩት፣ ግን ትልቁ ፖስተር ላይ ፊቷን አንስቼ ሌላ ነገር እሠራልሃለሁ፤ ለሲኒማ ቤቱ በር። ባዶውን የበር ቀዳዳ ብቻ ላክሁለት። ደረጃው፣ አምፖሉ፣ ማንም የሌለበት። ይሄ የባሰ ያስፈራል አለ።

ከሰዓት በኋላ ከአክስቴ ጋር በሰፈራችን በሮች ዞርን። ያቺ ባለችበት ሁሉ አጠገቧ ይቺን። ስም፣ ከስሙ ሥር «ስድስት ወር ያለ አንቺ»። አክስቴ ትይዛለች፣ እኔ እለጥፋለሁ። ዲሞ ካፖርቱን ደርቦ እኛን ተከትሎ ሻማ ያበራል፤ ማንም አልጠየቀውም።

የኛ በር ጋ ስንደርስ ሁለት የማላውቃቸው ሴቶች ቆመው ያያሉ። አንደኛዋ የቱ ናት የሞተችው አለች። አክስቴ በመሐላቸው ገብታ ወረቀቱን በመዳፏ ጠፍጠፍ አድርጋ አጣበቀች።

«እህቴ ናት» አለች። «ሁለቱም።»

ኖቬምበር 2፣ ቅዳሜ

መቃብሩ ጋ ጭጋግ ነበር፤ ከዳኑብ ወንዝ የሚመጣው። ወይኑን እንደ ልማዱ መቃብሯ ላይ አፈሰስን። ስኳር የተነሰነሰበትን የስንዴ ንፍሮ በወረቀት ኩባያ ለሰው አደልን፤ የሌላውን ሰው ሙት ንፍሮ ተቀበልን፣ ነፍስ ይማር ተባባልን። ራድካም መጥታ ነበር። አሁን አማረባት አለችኝ። ዝናቡ ጀመረ።

ቤት ስገባ ርቦኝ ነበር። ጓዳ ውስጥ እማ ባለፈው ዓመት ሴፕቴምበር የሞላችው የቃሪያ ድልህ አንድ ብልቃጥ ቀርቷል፤ ያን ቀን በረንዳው ላይ ትጠብስ ከነበረው ቃሪያ። አክስቴ ክፈቺው፣ ይበላሻል ስትለኝ ከርማለች። ክዳኑ እምቢ አለ። በፎጣ ይዤ ከፈትኩት። ዳቦ ቆርጬ ቀባሁና ቆሜ ነከስኩ።

ጨው በዝቶበታል። እናቴ ሁልጊዜ ጨው ታበዛለች፤ ስንቴ ተጣልተንበታል። አፌን አቃጠለኝ። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ፣ ዳቦው እጄ ላይ እንዳለ፣ አክስቴ ከታች ሰምታ እስክትመጣ ድረስ አለቀስኩ።